የአባባ ካሚዮን ጥርሶች

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ሐሙስ፣ ከቀኑ ፯ ሰዓት

ዛሬም ቀይዋ መኪና። ከጧት ጀምሮ ቀይዋ መኪና ብቻ። ድንጋይ የሚያመላልሱ ሦስት ካሚዮኖች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ካፖው፣ ጣሊያኑ የጋራዥ አለቃ፣ ግን በዚችው በሻምበሉ አሻንጉሊት ሥር በጀርባው ተንጋሎ ያፏጫል። አንዱ ሾፌር ፍሬኔ አይዝም፣ ገደል ልገባ ነው ይላል። ካፖው ቀስ ብለህ ንዳ አለው። አለቀ። ጥገናው ይኸው ነው።

አሁን ጣሊያኖቹ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል። እስከ ፱ ሰዓት ጋራዡ የእኔና የዝንቦቹ ነው። ደብተሬ፣ የማወራሽ በዚህ ሰዓት ነው። ለሰው ባወራ እታሰራለሁ፤ ባላወራ እፈነዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻምበሉ የመንገዱ ሥራ አለቃ ነው፤ ከዚህ እስከ ጣርማ በር ያለው ሁሉ በእሱ እጅ። ደሴ ካለ ሌላ መኮንን ጋር ተወራርዷል። ከሮቢ ድልድይ እስከ ጀውሃ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ ማን ይቀድማል? ቀኑ መጋቢት ፲፣ እሑድ። ቀይዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ለሩጫ የተሠራች መኪና ናት። ሜዳው ላይ ግን ሞተሯ እስኪያብድ ይጮኻል እንጂ ከዚህ በላይ አልፈጥንም ትላለች። ስለዚህ የኋላ ማርሿ ይቀየር ተባለ። በምን? የሚያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ ወር ያልፋል።

የኋላ ማርሽ ማለት ሁለት ጥርሳም ብረት ነው፤ ትንሹ ፒኞን፣ ትልቁ ኮሮና። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ትንሹን ያዞራል፣ ትንሹ ትልቁን፣ ትልቁ ጎማውን። ጎማው አንዴ እስኪዞር ዘንጉ ብዙ ጊዜ ከዞረ ጉልበት አለ፣ ፍጥነት የለም። ጥቂት ጊዜ ከዞረ ፍጥነት አለ፣ ጉልበት የለም። የቀይዋ ፒኞን 10 ጥርስ፣ ኮሮናው 43። አራት ዙር ከሲሶ ግድም። በቃ፣ ይኸው ነው። ካፖው ይህን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀበት። እሱ አለቃ ነው፣ እኔ ጸሐፊ።


የካቲት ፳፭፣ ቅዳሜ፣ ፰ ሰዓት

የፈራሁት መጣ። የአባባን ካሚዮን አየ።

ካሚዮናችን ግቢው ጥግ ላይ ቆማለች። አምና ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሥራ ለጊዜው ትፈለጋለች ብለው ወሰዷት። አባቴ እንድሪስ ነጋዴ ናቸው፤ ማሽላና ጨው በሷ ይጭኑ ነበር። ለማስመለስ ማመልከቻ ጻፍኩ። በጣሊያንኛ፣ ስሕተት በሌለበት፣ በጥሩ ቀለም። አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ተቀምጬ የተማርኩት ለምን ሆነና! አንብበው ሲጨርሱ፣ ይህን የጻፈችው ልጅ ትፈለጋለች አሉ። ካሚዮኗም ለጊዜው፣ እኔም ለጊዜው። ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው።

እና ዛሬ ካፖው ካሚዮኗና ቀይዋ የአንድ ፋብሪካ ልጆች መሆናቸውን ደረሰበት። የኋላ አካላቸው፣ ማርሹን ይዞ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ ብሎን ለብሎን ይገጥማል። የካሚዮኗ የቀኝ የኋላ ጎማ በድንጋይ ተደግፎ ተንጠልጥሏል፤ ግራው መሬት ነክቷል። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። የተንጠለጠለውን ጎማ አንድ ዙር አዞረ። ዘንጉ ሦስት ዙር እንኳ አልሞላም። 2.7! ብሎ ጮኸ። ሻምበሉ ሮጦ መጣ። ተቃቀፉ። ለሜዳ ሩጫ ከዚህ የተሻለ ማርሽ የለማ።

ጋሽ ሸዋረጋ ጎኔ ቆመዋል። የአባባ ሾፌር ነበሩ፤ ዛሬ ለካፖው ብሎን ያጥባሉ። ጎንበስ ብለው፣ «ዘሃራ፣ አሥር ኩንታል ማሽላ ይዛ የደብረ ሲናን ዳገት የምትወጣው ካሚዮን ለካስ የሩጫ ፈረስ ኖራለች? በማርያም፣ እኛ ነን ያላወቅንላት» አሉኝ።

እሳቸው ይስቃሉ። እኔ ግን አልቻልኩም። ካፖው ጋ ሄጄ ነገርኩት። ግራውን ጎማ መሬት ይዞታል፤ ቀኙ ብቻውን ሲዞር፣ ለሁለቱ የሚያካፍለው ማርሽ ግማሹን ይውጠዋል። የቆጠርከው ግማሹን ነው፤ እውነቱ እጥፉ ነው፣ አምስት ተኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው። ይቺ ዳገት የምትወጣ እንጂ ሜዳ የምትሮጥ አይደለችም።

አላመነም። ለምን እንደማያምን አውቃለሁ። ሰውየው አገሩ ሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ሞተር ብስክሌት ኋላው አንድ ጎማ ነው፤ አዙረህ ብትቆጥር ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማረው ነገር የለም።

ሮቢት ገበያ ላይ አፏን ሳይከፍት በቅሎ የሚገዛ ሰው የለም፤ ክፈትና ጥርሱን ቁጠር አልኩት። ሳቀ። «ሴት ልጅ ጥርስ ልቁጠር ካለች በግ አለላት» አለኝ። ደግሞም አይከፍተውም። እንደተዘጋ፣ ከነጎማው ነቅሎ ቀይዋ ሥር ሊያስረው ነው።

በሥራ መዝገቡ ላይ 2.7 ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ከሥሩ በራሳቸው ቋንቋ በደቃቅ ፊደል ጨመርኩበት፦ አንዱ ጎማ መሬት ላይ እያለ የተቆጠረ ነው፤ እውነቱ የዚህ እጥፍ ነው። ፈረምኩ። መዝገቡን ዘጋሁ።


የካቲት ፳፮፣ እሑድ፣ ከጧቱ ፬ ሰዓት፣ ቤት

አባባን አስቆጠርኳቸው። ያውም በትዝታ።

አባባ መቁጠሪያቸውን ለዚክር ብቻ አይደለም የሚይዙት። የማሽላ ጆንያ በሱ፣ የግመል ጭነት በሱ። ካሚዮኗ የተገዛች ሰሞን ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተን፣ ጋሽ ሸዋረጋ አንዱን እኔ አንዱን ይዘን አብረን አሥር ዙር ስናዞር፣ አባባ መሬት ተቀምጠው ዘንጉን እያዩ በየዙሩ አንድ ፍሬ ይጥሉ ነበር። ዛሬ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አንዱን ዙር ጨርሼ፣ ከሁለተኛው ሃያ አንድ ፍሬ፣ ሃያ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነበር» አሉ። የሳቸው መቁጠሪያ ሠላሳ ሦስት ፍሬ ነው። ሃምሳ አራት ከግማሽ። ለአሥር የጎማ ዙር፤ ለአንዱ አምስት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ወላሂ፣ ከካፖው ጠመኔ የአባቴ ጣት ይበልጣል!

መጽሐፉም ያለው ይህንኑ ነው። ከካሚዮኗ ጋር በፈረንሳይኛ የመጣውን የመኪና መጽሐፍ ለአባባና ለጋሽ ሸዋረጋ ቃል በቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። 9 ጥርስና 49 ጥርስ ይላል። ካሚዮኗን ሲወስዱ የሷ የሆነ ዕቃ ሁሉ ይግባ ብለው ነበር፤ መጽሐፉን አላገባሁም። በቆዳ ተጠቅልሎ የማሽላ ጉድጓዳችን ውስጥ ነው። ባሳያቸው ትክክል መሆኔ ይታወቃል፣ መደበቄም ይታወቃል።

አባባ እንዳታሳዪ አሉ። ብረቱን ለብረት ተይው፣ አንቺ ትበልጭብኛለሽ አሉ። ብረት ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። መቼ ብረት ብቻ ሆነ!


የካቲት ፳፯፣ ሰኞ፣ ፯ ሰዓት ተኩል

ለሻምበሉ ራሱ ነገርኩት። ጨዋ ሰው ነው ይባላል፤ ያጨሳል፣ ፀጉሩን ይቀባል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «የአባትሽ ካሚዮን ናት አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩ። ፈገግ አለ። ካፖውም ፈገግ አለ። ነገሩ አለቀ።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ደብተሬ? ግማሹ እውነት ነው። ካሚዮኗን እንዳይነኩብኝ ውሸትም ቢሆን እናገር ነበር። ዛሬ የተናገርኩት ግን እውነቱን ነው፤ እውነትም ሆኖ ከውሸት አልተለየልኝም። ቁጥር እንኳ በእኔ አፍ ሲነገር የነጋዴ ልጅ ልመና ይሆናል።


የካቲት ፳፱፣ ረቡዕ፣ ፰ ሰዓት

ነቀሏት።

ከኋላ አንስተው፣ ብሎኖቹን ፈትተው፣ የኋላ አካሏን ከነጎማዎቿ ከሥሯ አወጡት። ጋሽ ሸዋረጋ እንዲፈቱ የታዘዙት እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን ብሎን ጠርገው በተራ ደረደሩት። የካሚዮኗ የኋላ አካል ቀይዋ ሥር ገባ። ካሚዮኗ ደግሞ በኋላዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ እንደተመታ አህያ። መንገድ ዘጋች ብሎ ካፖው ተቆጣ። ከቀይዋ የወጣውን የኋላ አካል ከነጎማው ሥሯ አስገቡና ገፍታችሁ ጥግ አስይዟት አለ። አስገቡ። ገፏት።

እኔ ከመስኮቱ አያለሁ። ዕንባዬ እንዳይወርድ የብሎን ዓይነት እቆጥራለሁ።


መጋቢት ፪፣ ቅዳሜ፣ ፲ ሰዓት

ዛሬ ሳቅኩ! በሆዴ፣ ግን ሳቅኩ።

ሻምበሉ ጧት ቀይዋን ሊሞክር ወደ ጀውሃ ወጣ። መነጽሩን አጥልቆ፣ ጓንቱን አድርጎ። ስትነሳ ለጉድ ነው፤ እንደ ሚዳቋ ዘለለች። ድልድዩን ሳትጨርስ ግን ጩኸቷ ተሰማ። መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ወንጭፋቸውን ጥለው ቆመው አዩ አሉ፤ ጩኸቱ የሰማይ፣ አካሄዱ የበሬ። የበፊቷን ያህል እንኳ አልሄደችም። ውኃዋ ፈልቶ እየተፋች ተመለሰች።

ሻምበሉ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ። ካፖው ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ። ቁጥሩን የጻፈችው እሷ ናት፣ እኔ ሌላ ነው ያልኳት አለ። ዓይኔን እያየ! ሳያፍር!

መዝገቡን አመጣሁ። ገጹን ከፈትኩ። ሻምበሉ አነበበ፦ 2.7፣ ከሥሩ የእኔ ማስታወሻ፣ ፊርማዬ፣ ቀኑ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ክፈተው አለ ካፖውን። ተከፈተ። ሻምበሉ ራሱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ዘጠኝ። አርባ ዘጠኝ። የበቅሎዋ አፍ መጨረሻ ላይ ተከፈተ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ምን ይሻላል አለኝ። ዓመት ሙሉ ሲያልፍ ሲያገድም ሳያየኝ የኖረ ሰው፣ ምን ይሻላል አለኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ የሁለቱንም ወደየቦታው መልሱ። ትክክለኛውም እሱ ነው። የካሚዮኗ ወደ ካሚዮኗ። ግን ጥግ ላይ ሳያት ሌላ ነገር መጣብኝ። ማርሿ ቢመለስላት ምን ልትሆን? ተመልሳ ድንጋይ ላይ ልትንጠለጠል። አሁን ግን አራቱም እግሯ መሬት ነው። ሥሯ ያለው ደግሞ የሩጫ ማርሽ ነው። በዚህ አገር አንድ ፈጣን መኪና ቢኖር የሻምበሉ ነው፤ እሱ ሥር ያለው አሁን የጭነት ማርሽ ነው።

ከዚያ፣ ማርሹን አትቀይር፣ መንገዱን ቀይር አልኩት። ሜዳውን ተወው። ከዚህ ተነስታችሁ እስከ ጣርማ በር ዋሻ ተወዳደሩ። በዚህ ማርሽ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት የሚቀድምህ የለም፤ የደሴው ሰው መኪና ለሜዳ የተሠራች ናት፣ በየጥምዝምዙ ትታነቃለች።

አንድም ውሸት የለበትም። እንዲያውም የተናገርኩት ከሁሉ የተሻለውን ምክር ነው። ሻምበሉ ጣቱን አጮኸና ወደ ስልክ ሮጠ።

ካፖው አሁን በግ ይቁጠር።


መጋቢት ፬፣ ሰኞ፣ ፯ ሰዓት

የደሴው ሰው እሺ ብሏል። እሑድ ጧት ጣርማ በር። ሹማምንት ይመጣሉ፤ ለምሳው ግብዣ ዋሻው አፍ ላይ ድንኳን ይተከላል። ወንበርና የውኃ በርሜል የሚያወጣ መኪና ጠፋ፤ ድንጋይ አመላላሾቹ አሁንም ፍሬን የላቸውም። ሻምበሉ ጥግ ያለችው ካሚዮን ትነሳ አለ።

ትነሳ! አንድ ዓመት ተኝታ፣ ለወንበር ሲሉ ትነሳ!

ካፖው ሞተሯን እንዲጠግኑ ለጋሽ ሸዋረጋ ሰጠ። ወንበርና በርሜል ጭና በዚያ ማርሽ ዳገት ትወጣለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ጠይቂ ያለኝ የለም።


መጋቢት ፮፣ ረቡዕ፣ ፰ ሰዓት ተኩል

ጋሽ ሸዋረጋ ካሚዮኗን ሊሞክሩ ባዶዋን እስከ ቀወት እርሻ ወስደው መለሷት። ሲወርዱ ጢማቸው ሁሉ አቧራ፣ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ። ዙሪያቸውን አዩና፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ እኮ የኛዋ አይደለችም። ሜዳ ላይ ስለቃት ባርኔጣዬን ወሰደችው። ዳገት ላይ ግን አንድ በርሜል ብትጭኚባት ቁጭ ትላለች» አሉኝ።

አውቃለሁ አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

በካሚዮኗ ልጠፋ ነውና አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። አይሆንም። ሚስትና አራት ልጅ ደብረ ሲና አሏቸው፤ እሳቸው ቢጠፉ እነሱ ይያዛሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቢሆንም ተናደድኩ። እሑድ ቀይዋን ሊያዩ ከሻምበሉ ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። ካሚዮኗን የሚነዳው ወታደር ከደብረ ሲና በ፫ ሰዓት ይመጣል ተብሏል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በዚያ ሰዓት ጋሽ ሸዋረጋ ዋሻው አፍ ላይ፣ ሹማምንቱ ሁሉ እያዩአቸው ይቆማሉ። ማንም በሳቸው አያሳብብም።

መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማሽላ የታጨደበት ማሳ ላይ፣ አባባ ያላዩ መስለው ሲሰግዱ። «ካምቢዮውን አትጨቅጭቂው፣ ጆሮሽን ስጪው፣ ራሱ ይነግርሻል» ይሉኝ ነበር። ዛሬም ያንኑ ደግመው አሉኝ። ከዚያ ብሎን ማጠባቸውን ቀጠሉ።


መጋቢት ፰፣ ዓርብ፣ ፲ ሰዓት፣ ቤት

አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያ ረቢ፣ ምን ያላሉኝ አለ! እብድ አሉኝ። መጽሐፍ ነው ያበላሸሽ አሉ። ለአንዲት ካሚዮን አንገትሽን ልትሰጪ ነው አሉ።

ለካሚዮን አይደለም አልኩ። ከጀውሃ በታች በግመል መንገድ ወደ በረሃው ከገባን የሚያገኘን የለም፤ የግመል ነጋዴዎቹ ሁሉ እርስዎን ያውቃሉ። ጫካ ላሉት ሰዎች ጨውና መድኃኒት የሚያመላልስ መኪና ቢገኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ራስዎ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ለሰው አሻንጉሊት ብሎን ስመዘግብ ማርጀት አልፈልግም። የጻፍኩት ማመልከቻ ነው እዚያ ግቢ ያስገባኝ፤ የሚያስወጣኝ ሌላ ማመልከቻ አይደለም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

አባባ መቁጠሪያቸውን ያዙ። አንዱን ዙር ጨረሱ። ሁለተኛውን ጀመሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አሉ። አንቺም አትሄጂም አላሉም። ያንን ብቻ አላሉም።

ከዚያ ወጥተው የማሽላውን ጉድጓድ ከፈቱ። ለእራት የሚሆን ማሽላ አለን፤ ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም።


መጋቢት ፱፣ ቅዳሜ፣ ፯ ሰዓት

ወንበሮቹ ተጫኑ። ሠላሳ ስድስት። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፤ ውኃው ነገ ጧት ይሞላል ተብሏል። ካፖው ገመዱን በደንብ እሰሩ እያለ ይጮኻል። ለካሚዮኗ እንዲህ ሲጨነቅ የመጀመሪያው ነው።

ሻምበሉ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ነገ ካሸነፍኩ ለአባትሽ ስለ ካሚዮኗ እናስብበታለን አለኝ። እናስብበታለን! አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ቃል ናት። ከሳምንት በፊት ብትመጣ ምናልባት አለቅስ ነበር። ዛሬ ግን በጨዋ ደንብ አመስግኜ የጠፋውን ብሎን መዘገብኩ።

ቆርጫለሁ። አባባ መጡ አልመጡ እሄዳለሁ። ይህን የጻፍኩት ነገ ጧት ፈርቼ እንዳልክደው ነው።


መጋቢት ፲፣ እሑድ፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት

ካሚዮኗ ውስጥ ነኝ፤ ደብተሬ ጭኔ ላይ።

ሁሉም ወደ ላይ ወጥተዋል። ቀይዋ ከደሴው ሰው መኪና ጋር ገና ሳይሞቅ ነው የወጣችው፤ ዳገቱን ስትይዝ ድምፅዋ ያምር ነበር፣ መካድ አልችልም። ልክ እንዳልኩት። ምናልባት ያሸንፋል። ያሸንፍ። በዚያ ማርሽ ግን ወደ ሜዳ ወርዶ እኔን አይደርስብኝም። የደሴውም ሰው ከዋሻው አፍ እስኪወርድ እኔ በረሃ ገብቻለሁ።

በሩን ከፍቻለሁ። ወንበሮቹን ለማራገፍ ጊዜ የለም፤ ሠላሳ ስድስት ወንበር ወደ በረሃ እወስዳለሁ። ግመል ነጋዴዎቹ ይቀመጡባቸው።

ሞተሩ በሁለተኛው ተነሳ። ዘንጉ ሥሬ ሊዞር ነው፤ አራት ዙር ከሲሶ፣ አራት ዙር ከሲሶ። ጆሮሽን ስጪው ብለውኛል።

ከዚህ ድልድዩ ይታያል። ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። ማን እንደሆነ አይለይም። እግሩ ሥር በቆዳ የተጠቀለለ ነገር አለ። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ አያያዙ የሚቆጥር ሰው አያያዝ ነው። ደብተሬ፣ ልዝጋሽ፤ ድልድዩ ላይ የምጭነው ሰው አለ።